የውጭ ወዶ ዘማቾች ሜዳልያዎችን እንዴት መሰብሰብና ማነጻጸር ይቻላል?

ለሌላ አገር ሊዋጋ ወዶ የዘመተ ሰው ሜዳልያ ስለ ጀግንነቱ ብቻ አይናገርም። ማን ሸለመው? መቼ? የሸለመውስ መንግሥት ምን ፈልጎ ነው? ስብስቡን የሚያጣፍጡት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. አንድ ጦርነት ምረጡ

ያገኙትን ሁሉ መግዛት ገንዘብ ይጨርሳል፤ የሚነጻጸር ነገር ግን አይሰጥም። ለጀማሪ ከ1936 እስከ 1939 የተካሄደውን የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት እመክራለሁ። የውጭ ተዋጊዎች በሁለቱም ወገን ነበሩ።

ጀርመን፣ ለአማጺው ጄኔራል ፍራንኮ እንዲዋጋ ለላከችው ኮንዶር ሌጌዎን ለተባለው ጦሯ፣ የስፔን መስቀል የተባለውን ሜዳልያ ያወጣችው በሚያዝያ 1939፣ ጦርነቱ ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና አልማዝ ያለበት ወርቅ ደረጃዎች አሉት። እነዚህ ሰዎች ወዶ ዘማች ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ የመደበኛው ጦር አባላት ነበሩ። ይህን ሳይመዘግቡ ማነጻጸር ያሳስታል።

ፍራንኮ ላመጸበት የሪፐብሊኩ መንግሥት የተዋጉት የዓለም አቀፍ ብርጌዶች (ከብዙ አገር የመጡ ወዶ ዘማቾች) አባላት ግን ብዙ ጠብቀዋል። ምሥራቅ ጀርመን በ1936 ማድሪድ ላይ በወደቀው በጀርመናዊው ኮሚኒስት በሃንስ ባይምለር ስም ሜዳልያ ያወጣችው በ1956 ነው። ፖላንድም በዚያው ዓመት «ለነጻነታችሁና ለነጻነታችን» የሚለውን አወጣች። በመካከሉ ብዙዎቹ በፈረንሳይ ማጎሪያ ካምፖች አልፈዋል። መስቀሉንና እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ልብ ይነካል።

2. ምልክቱንና ጽሑፉን አንብቡ

የአንደኛው ዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ክሯ ደ ጌር (የጦርነት መስቀል) ጥሩ መማሪያ ነው። ለፈረንሳይ የበረሩ አሜሪካውያን ወዶ ዘማቾችም ተሸልመውታል። ሪባኑ ላይ የነሐስ ዘንባባ ካለ ሽልማቱን ያስገኘው የጽሑፍ ምስጋና የመጣው ከጦር ሠራዊት ደረጃ ነው። የነሐስ ኮከብ ከሬጅመንት ወይም ከብርጌድ፣ የብር ኮከብ ደግሞ ከክፍለ ጦር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ደግሞ በየዘማቹ ቋንቋ ተቀርጿል። በወዶ ዘማቾች የተሞሉት የፈረንሳይና የኔዘርላንድ ሻለቆች በየቋንቋቸው አግኝተዋል። የአማርኛውም አለ።

3. ፎርጅዱን ለዩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር ክብደቱንና ስፋቱን አወዳድሩ። ከኦሪጅናሉ ላይ ቅርጹ ተወስዶ በማቅለጥ የተሠራ ኮፒ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያንሳል፤ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ጠርዙን እዩ፤ የሞረድ ምልክት ያስጠረጥራል። ነሐስ ነው የተባለው ማግኔት ከሳበው ነሐስ አይደለም።

ሪባኑን በአልትራቫዮሌት መብራት ፈትሹ። ደምቆ ካበራ ክሩ ዘመናዊ ሊሆን ይችላል። ግን ሪባን ይቀየራል፣ በሳሙናም ይታጠባል፤ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

4. ወረቀቱን ፈልጉ

ብሪታንያ በብዙዎቹ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ሜዳልያዎች ጠርዝ ላይ የወታደሩን ስም ቀርጻለች። ክሯ ደ ጌር ላይ ግን ስም የለም። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ፣ የአገልግሎት ደብተሩና ፎቶው ከብረቱ እኩል ዋጋ አላቸው። ሻጩ የነገራችሁ ታሪክ ማስረጃ አይደለም። የአንድ ሰው ሜዳልያዎች አብረው ከተገኙ ደግሞ በፍጹም አትለያዩዋቸው። አንዴ ከተበተኑ የሰውየው ታሪክ ይጠፋል።

5. ሠንጠረዥ ሥሩ

ሸላሚው፣ የወጣበት ዓመት፣ ደረጃው፣ የተሸላሚው ዜግነት፣ የገባበት መንገድ (በፈቃዱ ወይስ ታዝዞ)፣ ማስረጃው። የገበያ ዋጋን ለብቻው ጻፉ። ውድ መሆን ከታሪክ ክብደት ጋር አይገናኝም።

6. አስቀምጡ

አትወልውሉ። የቆየውን ቀለም አንዴ ከፋቃችሁት አይመለስም። በጥጥ ጓንት ያዙ፤ ከፒቪሲ ፕላስቲክ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁ።

ከመግዛት በፊት ሕጉንም ጠይቁ። የስፔን መስቀል ላይ የናዚዎች ምልክት ስዋስቲካ አለ። ጀርመን ውስጥ ይህን ምልክት በአደባባይ ማሳየት፣ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለመሳሰሉት ካልሆነ በቀር፣ በወንጀል ያስጠይቃል።