በበረዶ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የዘንግ ጫፍ ጠቋሚን ከንቱ የሚያደርጉ ስህተቶች

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በእጅ ክር ቆሮሶ ያጠመደ ሰው ንክሻውን በጣቱ ያውቀዋል። ሚኒሶታ ውስጥ በጥር ወር ከበረዶ ቀዳዳ ሥር ትል የሚቀምስ ብሉጊል የሚባል ትንሽ ዓሣ ግን እንደዚያ አይጎትትም። ከበረዶው በታች ያለው ውሃ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በዚህ ቅዝቃዜ ዓሣው ጉልበቱን ይቆጥባል። ትሉ አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከውሃ ጋር ወደ አፉ ይስበዋል፣ ካልተመቸው ወዲያው ይተፋዋል። ጓንት የለበሰ እጅ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይሰማም።

ስፕሪንግ ቦበር የሚባለው የዘንግ ጫፍ ጠቋሚ የተሠራው ለዚህ ነው። ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ሽቦ፣ ጠምዛዛ ስፕሪንግ ወይም ጠፍጣፋ ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ክር የሚያልፍባት ትንሽ ቀለበት አለችው። ብዙ ሰው እንደ ደወል ያየዋል፤ ዓሣው ሲመጣ ይነግረኛል ብሎ ይጠብቃል። ዕቃው ግን የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ነው። በትክክል ካልተመዘነ ዝም ይላል፣ አለዚያም ይዋሻል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ፣ ሐይቁ ደጃቸው ላይ ሆኖ በዚህ ክረምት አዲስ ዘንግ የገዙ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ።

ጠቋሚውን ከጂጉ ክብደት ጋር አለማመጣጠን

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ አስተካክለው ይህን ቢተዉት ልፋትዎ ከንቱ ነው። ጂጉ፣ ማለትም የብረት ጭንቅላት ያለው መንጠቆ፣ ተንጠልጥሎ ዘንጉ አግድም ሲያዝ፣ ጠቋሚው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ታች መጉበጥ አለበት። ጨርሶ ካልጎበጠ ለጂጉ በጣም ግትር ነው፤ ዓሣው ጂጉን ወደ ላይ ቢያነሳው ሊቃና የሚችል ጉብጠት ስለሌለው ምንም አያሳይም። ጫፉ ቁልቁል ወደ ቀዳዳው ከተንጠለጠለ ደግሞ ከመጠን በላይ ልል ነው፤ ዓሣው ወደ ታች ሲስበው የሚወርድበት ቦታ አልቆበታል። መሐል ላይ ያለ ጉብጠት ብቻ ነው ለሁለቱም አቅጣጫ የሚናገረው።

ተንግስተን ከሚባል ከባድ ብረት የተሠሩ ጂጎች በሚሊ ሜትር ይሸጣሉ፤ ቁጥሩም ያታልላል። ጭንቅላቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው በግምት 0.4 ግራም፣ 4 ሚሊ ሜትሩ 0.9 ግራም፣ 5 ሚሊ ሜትሩ 1.7 ግራም ይመዝናል። ከ3 ወደ 5 መሄድ ለዓይን ትንሽ ለውጥ ነው፤ ለጠቋሚው ግን ጭነቱ አራት እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ጂግ በቀየሩ ቁጥር ጠቋሚውን እንደገና ያስተካክሉ።

ማስተካከያው በአብዛኛዎቹ ላይ ሽቦውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማንሸራተት ነው። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ቀጥ ያለ ሽቦ ወይም ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ልልነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር የነበረውን ወደ 8 ቢያሳጥሩት ግትርነቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። እናም በግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ በግማሽ ሴንቲ ሜትር እያሉ ነው የሚያስተካክሉት። እስከ ጥግ አውጥተውት አሁንም ካልጎበጠ ጂጉን አያክብዱ፤ ቀጠን ያለ ጠቋሚ ይግጠሙ።

ሚዛኑን ቤት ውስጥ ከጀመሩ በውሃ ላይ ይጨርሱት። ተንግስተን ውሃ ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ያጣል፣ እርሳስ ደግሞ 9 በመቶ። ትሉማ ከውሃ እምብዛም ስለማይከብድ ከሥር ሲደርስ ክብደቱ የለም ማለት ይቻላል። ሦስት ትል ሰክተው በአየር ላይ ያስተካከሉት ጠቋሚ ጂጉ ከታች ሲደርስ ቀና ብሎ ቢያገኙት አይገረሙ።

ጫፉ እስኪወርድ ብቻ መጠበቅ

ክራፒ የሚባለው ዓሣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ለማየት የተመቹ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን ከሥር መጥቶ ይወስድና ትንሽ ከፍ ይላል። ያኔ ጂጉ ከጠቋሚው ላይ ክብደቱን ያነሳል፣ ጎብጦ የነበረው ሽቦም ቀስ ብሎ ይቃናል። ጀማሪው ይህን አይቶ «ክሩ ላላ» ብሎ መጠቅለል ይጀምራል፤ ዓሣውም ይተፋዋል። ብሉጊል ደግሞ አንዳንዴ ባለበት ቆሞ ስለሚይዘው ጫፉ አይወርድም፣ አይነሳም፤ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ብቻ ድንገት ዝም ይላል። የሚጠበቀው እንግዲህ ማንኛውም እርስዎ ያላመጡት ለውጥ ነው። ጥርጣሬ ከገባዎት ዘንጉን ቀስ አድርገው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያንሱት፤ ክብደት ከተሰማዎት ማንሳቱን ይቀጥሉ።

መንጠቆውን ለመስካት ዘንጉን መንጨቅ

ሽቦው ልል ስለሆነ የእጅዎን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ እሱ ይውጠዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ የተገጠመ ጠቋሚ ካለዎትና አንጓዎን በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢያነሱ፣ መንጠቆው ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ በሌላው ጫፍ ይሳሳትና ክንዱን ሙሉ ይወረውራል፤ የክራፒ አፍ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ይቀደዳል፣ ቀጭኑም ክር ይበጠሳል። ትክክለኛው አንጓን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወጥ አድርጎ ማንሳት ነው፤ ሳይነጭቁ፣ ሳይቆሙ፣ ክሩ ሳይላላ ወዲያው መጠቅለል። የሪሉን (የክር መጠቅለያውን) ፍሬን አስቀድመው ያላሉት፤ ዓሣው በጉልበት ሲሄድ ክሩ ሳይበጠስ መውጣት መቻል አለበት።

ጂጉን ከመጠን በላይ ማወዛወዝ

እጅዎ ካቆመ በኋላ ልሉ ሽቦ ገና ይወዛወዛል፤ ጂጉም አብሮት ይዘላል። በመደበኛ ዘንግ የለመዱትን የ20 ሴንቲ ሜትር ማንሳት ጠቋሚ ባለው ዘንግ ላይ ካደረጉት፣ ከታች የሚታየው ምግብ ሳይሆን ሁከት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ቡና እንደሚያማስል ሰው ጣትን ብቻ ማንቀሳቀስ። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ፍጹም ዝም ይበሉ። ንክሻው ብዙ ጊዜ የሚመጣውም የሚነበበውም በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ሲወዛወዝ የሚነከስን ጂግ ማንም ሊያነብ አይችልም።

ቀለበቷ ላይ የያዘውን በረዶ በኃይል ማላቀቅ

ክሩ ከውሃ በወጣ ቁጥር ጠብታ ይዞ ይወጣል፤ ከዜሮ በታች በሆነ አየር ጠብታው ቀለበቷ ላይ ይረጋል። የበረዶ ፍሬው ራሱ ክብደት ስላለው ሚዛኑን ያዛባል፤ ቀጥሎም ክሩን ያንቃል። ያን ጊዜ ጠቋሚው የሚያሳየው በረዶውን እንጂ ጂጉን አይደለም። ቀለበቷን በጥፍር መፈልቀቅ ወይም ዘንጉን እግር ላይ መምታት ሽቦውን ያጣምማል። ጓንትዎን አውልቀው ቀለበቷን በሁለት ጣት ለጥቂት ሰከንድ ይያዟት፤ በረዶው ራሱ ይለቃል። ወይም ጫፉን ቀዳዳው ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ውሃው ከአየሩ ይሞቃልና። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ሜዳ ላይ ከሆኑ በየጥቂት ደቂቃው ይህን ማድረግ የግድ ነው። ቀለበቷ ሰፋ ያለችን ጠቋሚ መምረጥ ግማሹን ችግር ያቃልላል።

በነፋስ መሐል ረጅም ጠቋሚ ይዞ መቆም

ነፋስ ሲኖር ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ፣ ጫፉን ከቀዳዳው 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ ዝቅ ያድርጉት፣ ሽቦውንም ያሳጥሩትና አንድ መጠን ከፍ ያለ ጂግ ይጠቀሙ። ጫፉን በቀዳዳው ጥቁር ውሃ በኩል እንጂ በነጩ በረዶ በኩል አይመልከቱት፤ ብርቱካናማ የተቀባ ጫፍ በጥቁሩ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

የተሻለው ድንኳን ነው። ሆኖም ዓይን ሁሉ ጫፉ ላይ ሲተከል ሌላው ይረሳል። ድንኳኑ ውስጥ የፕሮፔን ማሞቂያ ካለ የአየር መግቢያውን አይዝጉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ለእግረኛም አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ነጭ በረዶ ከሆነ እጥፉን ይጠብቁ።

የተጠቀለለ ወይም ወፍራም ክር

በትንሽ ሪል ላይ የከረመ ክር ከውሃው ውስጥ እንደ ስልክ ገመድ ተጠቅልሎ ይቀራል። ያ ጥቅል በጂጉና በጠቋሚው መካከል ሁለተኛ ስፕሪንግ ሆነ ማለት ነው፤ ዓሣው ሲነካው ጥቅሉ ይዘረጋል፣ ጫፉ ግን አያውቅም። ለ0.4 ግራም ጂግ ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ጥንካሬ ያለው ሞኖ (ነጠላ የናይለን ክር) ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር ይበቃል። ከመጀመርዎ በፊት ወደሚያጠምዱበት ጥልቀት የሚሆነውን ያህል ክር አውጥተው ቀስ ብለው ይወጥሩት። የተጎነጎነ ክር ውሃ ስለሚይዝ ሜዳ ላይ ይረጋል፤ ድንኳን ውስጥ ካልሆነ ባይሞክሩት ይሻላል። ከ6 ሜትር በታች ሲወርዱ ቀላል ጂግ ክሩን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይሳነዋል፤ ያኔ 5 ሚሊ ሜትሩን አስረው ጠቋሚውን ያጠንክሩ።

ክሩ እየተጠመዘዘ ጂጉ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ጠቋሚው ላይ አያሳብቡ። ክሩ ከጥቅሉ ላይ ሳይጠማዘዝ የሚወርድበትን፣ እንደ መንኮራኩር የሚዞር ሪል መጠቀም ይህን ያጠፋዋል። ብሉጊል የሚሽከረከር ትል አይቶ ሲመለስ በካሜራ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ለሁሉም ዓሣ አንድ ዘንግ

ዎልአይ ለሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ሕያው ትንሽ ዓሣ ሰክተው ስፕሪንግ ቦበር ካሰሩ፣ ማታለያው ራሱ ሲንቀሳቀስ ጠቋሚው ቀኑን ሙሉ ይጨፍራል። የሚኒሶታ ሕግ በበረዶ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ክር ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ጠቋሚ ያለውን ለብሉጊልና ለክራፒ በእጅዎ ይዘው፣ ሁለተኛውን ጫፉ ለስላሳ የሆነ ተራ ዘንግ አድርገው ማስቀመጫ ላይ ያሳርፉት።

ሲጠቀልሉና ሲያስቀምጡ

ጂጉን እስከ ቀለበቷ ድረስ መጠቅለል ሽቦውን ወይ ይሰብራል ወይ ያጣምማል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ያቁሙ። መንጠቆውን ዘንጉ ላይ አያይዘው ክሩን ወጥረው መኪና ውስጥ ማስቀመጥም ያው ነው፤ ጠቋሚው ሌሊቱን ጎብጦ ካደረ፣ በተለይ ፕላስቲኩ፣ ጉብጠቱን ይዞት ይቀራል። ክሩን አላልተው፣ ከተቻለም ጠቋሚውን ነቅለው ይያዙት። ከመውጣትዎ በፊት ያለ ጂግ ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት፤ ጫፉ ከጠረጴዛው ከተነሳ ወይም ወደ ጎን ከዞረ ለማቃናት አይታገሉ፣ ይቀይሩት።