ቤት ውስጥ የካርፕ ማባበያ ስትሰሩ የማይገቡ ነገሮች

ካርፕ የሚባለው አሳ ጨጓራ የለውም። የዋጠውን ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ይፈጫል፣ ከዛ ቀጥታ ወደ አንጀት ነው የሚገባው፣ እንደኛ በአሲድ የሚያሟሟበት ቦታ የለም። ይሄን ካወቃችሁ ማባበያ ውስጥ ምን መግባት እንደሌለበት ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የምፈራው በደንብ ያልበሰለ ጥራጥሬ ነው። ደረቅ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ታይገር ነት የሚባለው ትንሽ የስር ፍሬ፣ እነዚህ ሁሉ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ እና ሳይዘፈዘፉ ከተሰጡ የሚያብጡት አሳው ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ በቆሎ 24 ሰአት ይዘፍዘፍ ከዛ 30 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ታይገር ነት ጠንካራ ስለሆነ እስከ 48 ሰአት ቢቆይ ጥሩ ነው። መድረሱን ለማወቅ አንዷን ፍሬ አውጡና በቢላ ለሁለት ክፈሏት፣ መሀሏ ላይ ነጭ፣ ደረቅ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር ካለ አልደረሰም፣ መልሱት እሳት ላይ። ሽምብራ ደግሞ በሁለት ጣት ስትጫኑት እሺ ማለት አለበት።

ቀይ ቦሎቄን ለብቻው ላንሳው ምክንያቱም ጥሬው ሌክቲን የሚባል መርዝ አለው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት፣ በአዲስ ውሃ በደንብ እየፈላ ይቀቀል። ለስ ባለ እሳት ቀስ ብሎ እንዲበስል መተው አይሰራም፣ መርዙ የሚጠፋው በሚንተከተክ ውሃ ነው።

ለውዝ ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ፣ ባይገባ ይሻላል ባይ ነኝ። እርጥበት ያለበት ቦታ የተቀመጠ ለውዝ ሻጋታ ይይዛል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል፣ አፍላቶክሲን ደግሞ ብትቀቅሉትም አይጠፋም። ብዙ የማጥመጃ ቦታዎች ለውዝን ጭራሽ ይከለክላሉ፣ ሌላውንም ጥራጥሬ የሚከለክሉ ስላሉ የቦታውን ህግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተጠበሰና ጨው የበዛበት ለውዝማ ጨርሶ አይታሰብም።

ቅባት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅቤ፣ ሞራ፣ የስጋ ጮማ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይረጋል፣ የካርፕ ሰውነት ሙቀት ደግሞ የውሃውን ስለሚከተል ሆዱም ውስጥ የሚያቀልጠው ነገር የለም። ውሃው ሞቅ ሲል ትንሽ የአሳ ወይም የአትክልት ዘይት ችግር የለውም፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን እሱንም ተዉት። ከርፍቶ የተበላሸ ዘይትና የቆየ የአሳ ዱቄት ደግሞ በየትኛውም ወቅት አሳውን ይጎዳል፣ ከመቀላቀላችሁ በፊት አሽትቱት፣ ደስ የማይል ከሆነ ለአሳ ይሆናል ብላችሁ አትጠቀሙበት፣ ለአሳም አይሆንም።

ሽታ ሲበዛ አሳ ይበዛል የሚባለው ልክ አይደለም። ለሽታ የሚጨመሩ የተጠናከሩ የእፅዋት ዘይቶች በጠብታ ነው የሚለኩት፣ በማንኪያ ስታፈሱት ካርፑ ይርቃል። ጠርሙሱ ላይ ከተፃፈው መጠን አትለፉ፣ እንደውም ብታሳንሱ ይሻላል። እጃችሁ ላይ ያለ ነዳጅ፣ የፀሀይ ክሬም፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም ማባበያው የሚሰራበት ሊጥ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ከማቡካታችሁ በፊት ታጠቡና ሳሙናውንም በደንብ አለቅልቁት።

ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን) ሊጡን ስለሚያያይዝ ብዙ መጨመር ያምራል፣ ግን ሲበዛ ከሊጡ ተድቦልቡሎ የተቀቀለው ኳስ እንደ ላስቲክ ይሆናል፣ ውሃ ውስጥ ሽታውን ቶሎ አይለቅም፣ ለመፈጨትም ያስቸግራል። ቤኪንግ ፓውደርም መሬት ላይ እንዲቀመጥ ለምትፈልጉት ማባበያ አይሆንም፣ አየር ስለሚፈጥር ሊያንሳፍፈው ይችላል።

እንዳይበላሽ ብላችሁ ኬሚካል ከምትጨምሩ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ሻጋታ ያወጣውን ደግሞ ላዩን ፍቃችሁ አትጠቀሙበት፣ ሀይቁ ውስጥም አትድፉት፣ እዛው በስብሶ የውሃውን ኦክስጅን ይበላል፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱት።