መጀመሪያ ያልጣማችሁን የሙዚቃ ቲያትር እንዴት ደግማችሁ ታዩታላችሁ?

አንድ የሙዚቃ ቲያትር አይታችሁ ካልጣማችሁ ቶሎ አትፍረዱበት። «ሌ ሚዜራብል»ን ውሰዱ። በ1985 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ባርቢካን የተባለው የጥበብ ማዕከል ውስጥ ሲከፈት ብዙ ሃያሲዎች አብጠለጠሉት። ሕዝቡ ግን ትኬቱን ተሻማበት፤ ይኸው ከ40 ዓመት በኋላም ይታያል። እኔም መጀመሪያ ሳየው አልያዘኝም። ከዳር እስከ ዳር የሚዘፈን ስለሆነ ታሪኩን ስከታተል ዜማው ያመልጠኛል፣ ዜማውን ሳዳምጥ ደግሞ ታሪኩ።

መፍትሔው መጀመሪያ ታሪኩን ማወቅ ነው። ቲያትሩ የተመሠረተበት የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ «መከረኞቹ» ተብሎ በአማርኛ ተተርጉሟል፤ እሱን ያነበበ ግማሹን መንገድ ጨርሷል። ከዚያ ዘፈኖቹን ብቻቸውን ስሙ፣ ወጥ እየሠራችሁም ቢሆን።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዣን ቫልዣን የአንድ ጳጳስ የብር ዕቃ ሰርቆ ሲያዝ ጳጳሱ ራሱ ሰጥቼው ነው ብሎ ያስጥለዋል። ቫልዣን ብቻውን ሲቀር ከራሱ ጋር እየተሟገተ ይዘፍናል። ያው ዜማ መጨረሻ አካባቢ ይመለሳል፤ አሁን ግን የሚዘፍነው አሳዳጁ ፖሊስ ዣቬር ነው፣ እሱም በቫልዣን ምሕረት ሕይወቱ ተርፎ። ምሕረቱ አንዱን አዲስ ሰው አደረገው፣ ሌላውን ወንዝ ውስጥ ከተተው። እኔ እጅ የሰጠሁት እዚህ ጋ ነው።

አሁን ትኬት ቁረጡ። በቀረጻ የምታዩት ከሆነ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያኔም ካልጣማችሁ ተዉት፣ ሌላ ሞክሩ።