እግዚአብሔርን ለማወቅ ከየት ልጀምር?
እኔ ከደጅ ነው የጀመርኩት። ጠዋት ቡና ሳላፈላ በረንዳ ላይ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። ሮሜ 1፥20 የማይታየው አምላክ በፍጥረቱ እንደሚታወቅ ይናገራል። ግን እዚያ አትቁሙ። ፍጥረት ፈጣሪ እንዳለ ይነግራችኋል፤ ልቡን ግን አይነግራችሁም።

ለዚያ ዮሐንስ ወንጌልን ክፈቱ። ምዕራፍ 14 ላይ ፊልጶስ አብን አሳየን ሲል፣ ጌታ እኔን ያየ አብን አይቷል አለው። ለእኔ ቁልፉ ይኸው ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ አንብቡ፤ 21 ምዕራፍ ነው፣ በሦስት ሳምንት ያልቃል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። አንብባችሁ ስትጨርሱ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። ያልገባችሁን ጽፋችሁ ለንስሐ አባታችሁ ውሰዱ።

የተጣላችሁት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉለት። እኔ ከእህቴ ጋር ስምንት ወር ተኳርፌ ጸሎቴ ደርቆብኝ ነበር። የታረቅን ዕለት ማታ «አባታችን ሆይ» ስል አለቀስኩ።