ስፖርት ፊልትሮ ገብቶላት መኪናዋ ለምን አልተለወጠችም? ችግርና መፍትሄ

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ መኪናዋ ታቃስታለች። ይሄኔ አንዱ ወዳጅ ይመክራል፦ «ስፖርት ፊልትሮ አስገባላት፣ ትተነፍሳለች።» ቀዩ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ማለትም የሞተሩ አየር ማጣሪያ፣ ኮፈን ስር ሲታይ ያምራል፤ እሱን ማንም አይክድም። ግን ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) በሌላት፣ ፋብሪካው እንደሰራት ባለች የቤት መኪና ላይ የሚጨምረው በአብዛኛው ድምፅ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ሁሉም ያለችውን አሮጌ መኪና ነፍስ ሊዘራባት ይሞክራል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን እንለይ።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ሌላ እንከን ግን የለባትም

ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፤ የከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ባህር ዳርቻ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 76 አካባቢ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው በዚሁ ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ትንሽ ሞተር ፒያሳ ላይ 53 ገደማ ቢያወጣ ነው።

አሁን ይህን ከፊልትሮው ጋር አስተያዩት። ንጹህ የፋብሪካ ፊልትሮ ከነሳጥኑ፣ ነዳጅ እስከ ወለል ተረግጦ እንኳ፣ የሚያስቀረው ግፊት ጥቂት ኪሎ ፓስካል ነው። ከፍታው የወሰደው 25 ነው። አዲሱ ዕቃ ሊመልስላችሁ የሚችለው ከጥቂቶቹ ላይ የተወሰነውን ነው፤ ያውም እስከ ወለል ስትረግጡ ብቻ። በተለመደው የከተማ መንዳት ትሮትሉ፣ ነዳጅ ስትረግጡ የሚከፈተው የአየር በር፣ ራሱ ገና በከፊል ነው የሚከፈተው። አየሩን የሚያንቀው እሱ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ የግቢውን መንገድ ማስፋት ምን ይጠቅማል?

መፍትሄ፦ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። ኤሲውን አጥፉ። ኋላ የተከማቸውን ዕቃ አውርዱ። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አዳማ ድረስ ነድታችሁ እዩዋት። ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። እዚያ ከፈጠነች ጤነኛ ናት፤ ጋራዥ አትውሰዷት።

ምልክት፦ ጉልበቷ በወራት ውስጥ እየቀነሰ መጣ

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ከፍታው አልተቀየረም፤ መኪናዋ ግን ተቀይራለች። መሃል ከተማው ሲፈርስና ሲገነባ የሚነሳውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ካዛንቺስን አቋርጦ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው የፋብሪካው መመሪያ እስካለው ኪሎ ሜትር መጠበቅ የለበትም። ሳጥኑን ከፍታችሁ ፊልትሮውን ወደ ብርሃን አንሱት። ብርሃን ካላሳለፈ አውጡት።

የእኛ ሰው ልማድ ፊልትሮውን በኮምፕረሰር አስነፍቶ መመለስ ነው። ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይቀደዳል፣ አቧራውም ወደ ሲሊንደር ይገባል። አቧራ ደግሞ ሞተር በላ ማለት ነው። የግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይነፋ። ባይነፋ ይሻላል። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ከስፖርቱ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፣ አቧራም አጥብቆ ይይዛል። ለዚህ ከተማ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

«ነዳጅም ይቆጥባል» ለሚለው፦ የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ይህንን ፈትኗል። ኢንጀክተር ባላቸው መኪኖች የተደፈነ ፊልትሮ ፍጥነት የመጨመር አቅምን ጎዳ እንጂ የነዳጅ ፍጆታን ያን ያህል አልለወጠም። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር እየለካ ነዳጁን ስለሚመጥን ነው። ካርቡራተር ላላቸው አሮጌዎች ግን የፊልትሮ ንጽህና ነዳጅም ይነካል።

ፊልትሮው ንጹህ ሆኖ ጉልበቷ ካልተመለሰ ካንዴላ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ የማይለቅ ፍሬን፣ የተዘጋ ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ይታይ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ምልክት፦ ስፖርት ፊልትሮ ገባ፤ ድምፁ ጨመረ፣ ከመጨናነቅ ስትወጣ ግን ትደነዝዛለች

የፋብሪካው ሳጥን ዝም ብሎ ፕላስቲክ አይደለም። አየሩን ከፊት፣ ከቀዝቃዛው ቦታ ይስባል፤ ጩኸቱንም ያፍናል። እሱ ሲነሳ የሞተሩ መሳብ ጎልቶ ይሰማል፣ ጆሯችንም ፍጥነት ነው ይለናል። ድምፁ የራሊ መኪና፣ ሚኒባሱ ግን ይቀድማችኋል።

ራቁቱን ኮፈን ስር የተቀመጠ ፊልትሮ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ የውጭው አየር 22 ዲግሪ ቢሆን ኮፈን ስር ከ50 ሊያልፍ ይችላል። አየር በየሶስት ዲግሪው አንድ በመቶ ገደማ ይሳሳል። በ30 ዲግሪ ልዩነት አስር በመቶ ሄደ ማለት ነው። መኪናዋ ስትሮጥ ልዩነቱ ይጠባል፤ ግን መሃል አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው የምንሮጠው?

መፍትሄ፦ ርካሽ የኮምፒውተር ማንበቢያ ሰክታችሁ የሚገባውን አየር ሙቀት ከውጭው ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የፋብሪካውን ሳጥን መልሱ። አይሆንም ካላችሁ ፊልትሮውን በመከለያ ከሞተሩ ለዩት፣ ቱቦም ከፊት ግሪሉ አምጡለት።

ምልክት፦ የቼክ ኢንጅን መብራት በራ፣ ሚኒሞው (ቆማ ስትሰራ የሞተሩ ዙር) ይዋዥቃል

ማንበቢያው የሚያሳያችሁ የብልሽት ኮድ ፒ0171 ወይም ፒ0101 ከሆነ ሁለት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛው ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ነው። ዘይቱ ሲበዛ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ቀጭን ሽቦ ላይ ይለጠፋል፣ ሴንሰሩም የተሳሳተ መጠን ይናገራል። ለዚሁ በተሰራ ስፕሬይ ብቻ እጠቡት፣ በጣት አትንኩት፣ ሳይደርቅ አትግጠሙት። ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ መጥረግ ሴንሰሩን መግደል ነው።

ሁለተኛው ፋሼታው፣ የቱቦው ማጥበቂያ ቀለበት፣ ነው። ከሴንሰሩ በኋላ ያለው ቱቦ ከላላ ያልተለካ አየር ይገባል። አጥብቁት። ሁሉም ደህና ሆኖ ኮዱ ከተመለሰ ሴንሰሩ የተቀመጠበት አዲሱ ቱቦ ስፋቱ ከፋብሪካው የተለየ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው በድሮው ስፋት ስለሆነ መፍትሄው የድሮውን ቱቦ መመለስ ነው።

ታዲያ የሚሰራው የት ነው?

ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ፣ በተለይ ኮምፒውተሩ እንደገና ተስተካክሎ ብዙ አየር የሚጠይቅ ከሆነ። ካምና ማርሚታ ተቀይሮለት ለውድድር የተዘጋጀ ሞተርም እንዲሁ። ያኔ የፋብሪካው ቱቦ በእርግጥ ሊጠብ ይችላል። ለውጡን በጆሮ አትለኩት። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ አቅጣጫ፣ በሶስተኛ ማርሽ ከ50 እስከ 80 ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ይያዝ። በፊትም በኋላም ደጋግሙት።

ምልክት፦ በክረምት ውሃ ካቋረጠች በኋላ ሞተሯ ጠፋ

ፊልትሮውን ከፓራውልት ስር ዝቅ አድርገው ለሚያስገቡ ነው። ውሃ የሞላው መንገድ ላይ ፊልትሮው ውሃ ይጠጣል። ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይጣመማል። ከጠፋች ቁልፉን ደግማችሁ አታዙሩ። ተጎትታ ጋራዥ ትሂድ፣ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ ውሃው ከወጣ በኋላ ብቻ ሞተሩ ይዙር።