ሲሞቅ የሚጠፋ አምፕሊፋየር፦ የስፒከር ኦም አለመጣጣም ችግርና መፍትሄ

ችግሩ፦ አምፕሊፋየሩ በዝቅተኛ ድምፅ ደህና ይሠራል፤ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጥቂት ከቆየ ግን ክዳኑ እጅ አያስነካም፣ አምፕሊፋየሩ ራሱን ከጉዳት ሲከላከል የሚያበራው «ፕሮቴክት» የሚለው መብራት ይበራል፣ ስፒከሮቹም ዝም ይላሉ። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሠራል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው በከተማው ሙቀት ያሳብባል፤ ሙቀቱ በርግጥ ነገሩን ያባብሰዋል፣ ሆኖም መጀመሪያ መታየት ያለበት የስፒከሮቹ ኦም ነው።

ምክንያቱ፦ ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚገታ የሚነግረን ቁጥር ስለሆነ፣ ባነሰ ቁጥር ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ከረንት ይጨምራል። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ሲያወጣ ባለ 8 ኦም ስፒከር 2.5 አምፒር ይስባል፤ ባለ 4 ኦሙ ግን 5 አምፒር። እዚያው ድሬዳዋ፣ ሳብያን ሰፈር አንድ ዘመዴ ቤት ያየሁት ከዚህም የባሰ ነበር፦ «ታይዋን» ከሚባለው የከተማው ገበያ የተገዙ ባለ 4 ኦም የመኪና ስፒከሮች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ፕላስ ከፕላስ ማይነስ ከማይነስ ተጣምረው በየቻናሉ (በግራና በቀኝ የድምፅ መውጫው) በፓራለል ተቀጥለዋል። ጀርባው ላይ «ከ8 ኦም በታች አይገጠም» የሚል ትእዛዝ ያለበት አምፕሊፋየር 2 ኦም ተሸክሞ ነበር። ትራንዚስተሮቹ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል፤ ስፒከሮቹን ግን ማንም አልለካቸውም። ለዚህ ሁለት ጊዜ ገንዘብ መከፈሉ አሁንም ያሳዝነኛል።

መፍትሄው፦ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው፣ ሶኬቱን ነቅለው የስፒከሮቹን ሽቦዎች በሙሉ ያላቅቁ፤ ከዚያ ብቻውን ያብሩት። የፕሮቴክት መብራቱ በርቶ ከቀረ ብልሽቱ ውስጡ ነው፣ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ካልበራ ወይም ጥቂት ቆይቶ ከጠፋ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባ የነበረውን የእያንዳንዱን ቻናል ሽቦ ጫፍ ኦም በሚለካ ቴስተር ይለኩ። ቴስተሩ ከተጻፈው ቁጥር ዝቅ አድርጎ ያሳያል፦ ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ6 እስከ 7፣ ባለ 4 ኦም ደግሞ ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ ይነበባል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ የሁለቱ ሽቦዎች ክሮች አንድ ቦታ ተነካክተው ሊሆን ይችላል።

ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን በአንድ ቻናል ለማሠራት በሲሪየስ ይቀጥሏቸው፦ የአምፕሊፋየሩ ፕላስ ወደ አንደኛው ፕላስ፣ የአንደኛው ማይነስ ወደ ሁለተኛው ፕላስ፣ የሁለተኛው ማይነስ ወደ አምፕሊፋየሩ ማይነስ። ድምሩ 8 ኦም ይሆናል። ሁለቱም ባለ 8 ኦም ከሆኑ 16 ይመጣል፤ ትራንዚስተር ያለውን አምፕሊፋየር አይጎዳውም፣ ድምፁ ብቻ ይቀንሳል። «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ የስፒከር መምረጫዎች ካሉትም ሁለቱን አብሮ ማብራት በብዙዎቹ ላይ ፓራለል መቀጠል ስለሆነ፣ ለሁለቱ አብሮ የተፈቀደውን ኦም ጀርባው ላይ ያንብቡ።

ኦሙ ተስተካክሎም ክዳኑ ከጋለ፣ አምፕሊፋየሩ በተዘጋ ቡፌ ውስጥ ከሆነ አውጥተው ከላዩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉለት።