ለሞት የቀረበ ሰው እንግዳ ነገር ሲናገር እንዴት እንስማው?

«ጫማዬን አምጪልኝ፤ መኪናው ደርሷል።» ከአልጋ መውረድ ካቃተው ሳምንታት ያለፉት አባት እንዲህ ሲል ልጁ ትደነግጣለች። «ኧረ አባዬ፣ የምን መኪና? የትም አትሄድም እኮ» ትለዋለች። እሱ ይበሳጫል፤ ደግሞ ይጠይቃል። እሷ ኮሪደር ወጥታ ታለቅሳለች። ለወንድሟም ደውላ «አባዬ መቃዠት ጀመረ» ትለዋለች።

በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ማውራቱ የተለመደ ነው። አስታማሚውን ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነግረው የለም። እኔ ይህን ንግግር «ቅዠት ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውዬው የሚለው ነገር አለው። የሚቀጥሉት እርምጃዎች ያንን ለመስማት ይረዳሉ።

መጀመሪያ፦ ምን ሊመጣ እንደሚችል እወቁ

በብዛት የሚሰማው የጉዞ ወሬ ነው። ሻንጣ፣ ትኬት፣ ፓስፖርት ይጠይቃሉ። በገዛ ቤታቸው ተኝተው «ወደ ቤት ውሰዱኝ» ይላሉ። ሌላው የሞቱ ሰዎችን ማየት ነው። እናት፣ ባል ወይም በልጅነቱ የሞተ ወንድም ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይታያቸዋል። አንዳንዱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እኛ የማናየውን ነገር ሊይዝ ይሞክራል። አንዱን ጥግ ትኩር ብሎ እያየ ፈገግ የሚልም አለ።

የጥቂት ሰዎች ገጠመኝ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ በሚገኝ ሆስፒስ፣ ማለትም የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች በመጨረሻ ጊዜያቸው በሚታከሙበት ተቋም፣ ዶክተር ክሪስቶፈር ከርና ባልደረቦቹ 59 ታማሚዎችን ጠይቀው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። 88 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሕልም ወይም ራእይ አይተዋል። ሞት ሲቃረብ ነገሩ ይበዛል። ከሁሉ ይበልጥ ያጽናናቸውም የሞቱ ወዳጆቻቸውን ማየታቸው ነበር። ደግሞ እነዚህ ታማሚዎች አእምሯቸው ተዛብቶ የሚቀባዥሩ አልነበሩም፤ ተጠይቀው በሥርዓት የሚመልሱ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛ፦ ሰውነቱ ተቸግሮ እንደሆነ አረጋግጡ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ሁሉም እንግዳ ንግግር ራእይ አይደለም። ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት የአእምሮ መዛባት አለ፤ ለሞት በቀረቡ ሰዎች ላይም በጣም የተለመደ ነው። ራእይ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እናንተን ይለያል፣ የት እንዳለ ያውቃል፣ ያየውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነግራችኋል፣ ከነገራችሁም በኋላ ረጋ ይላል። ዴሊሪየም ያለበት ግን ልብ ብሎ መስማት ያቅተዋል። ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል። አንሶላውን ይቧጥጣል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ የተተከለለትን ቱቦ ይጎትታል፣ ይፈራል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚመጡበትም ጊዜ አለ።

የዴሊሪየም መነሻ ብዙ ጊዜ የሚታከም ነገር ነው፦ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የሰውነት ውኃ ማነስ፣ የኦክስጅን ማነስ፣ ሞርፊንን የመሰለ መድኃኒት። የኩላሊትና የጉበት መድከምም ያመጣዋል። ሌሊቱን ሙሉ «አስወጡኝ! አስወጡኝ!» እያለ የሚጮህ ሰው ሽንቱ ፊኛው ውስጥ ተጠራቅሞ አልወጣ ብሎት ሊሆን ይችላል። ነርሷ በቀጭን ቱቦ ሽንቱን ስታወጣለት ጩኸቱ ይቆማል። ስለዚህ ለሐኪም ደውሉ። መቼ እንደጀመረው፣ የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ መጨረሻ የሸናውና የተጸዳዳው መቼ እንደሆነ ተናገሩ። በራሳችሁ ሥልጣን መድኃኒት አታቋርጡ። እስከዚያው ለስለስ ያለ መብራት አብሩ፣ መነጽሩንና የመስሚያ መሣሪያውን አድርጉለት፣ ማን እንደሆናችሁ በስማችሁ ንገሩት።

ሦስተኛ፦ አታርሙት፣ ጠይቁት

«እማዬ እኮ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን በር ይዘጋል። ሰውዬው ሁለተኛ አይነግራችሁም። በተቃራኒው «አዎ፣ እኔም አየኋት» ብላችሁ መዋሸትም አያስፈልግም። መሃል ያለው መንገድ ቀላል ነው።

«እናቴ መጥታለች።»
«እኔ አልታየችኝም አባዬ። ምን ትላለች?»
«ምንም። ቆማ ታየኛለች።»
«ስታያት ምን ተሰማህ?»
«ደስ አለኝ። ቶሎ በል የምትለኝ ይመስላል።»

ከዚህ በኋላ ወሬው ራሱ መንገዱን ያገኛል። መኪናው ደርሷል ያላችሁን ሰውም «ከመሄድህ በፊት የቀረህ ነገር አለ?» በሉት። ብዙ ጊዜ ከጉዞው ወሬ ጀርባ ያለው እሱ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ይኖራል፣ የተኳረፉት ልጅ ይኖራል፣ «እናንተስ ምን ትሆኑ?» የሚል ጭንቀት ይኖራል። የሚጠራው ሰው በሕይወት ካለ አሁኑኑ ደውሉለት፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዙለት።

የሚያስጨንቅ ራእይም አለ። ጦርነት ያየ ሰው ጦርነቱ ሊመለስበት ይችላል። በደል የፈጸመ የበደለው ሰው ሊታየው ይችላል። «አይዞህ፣ ምንም የለም» ብላችሁ አትሸፍኑት። ያውጣው። ከእናንተ አቅም በላይ ከሆነ የሚያምነውን የሃይማኖት አባት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥሩለት። የእናንተን ትርጉም ግን አትጫኑበት። የታየው ለእሱ ነው።

የሰማችሁትን በደብተር ጻፉ። ቀኑንና ቃሉን እንዳለ አስቀምጡ። ተረኛው አስታማሚ ሲመጣ ያንብበው፤ ያለበለዚያ እሱ ከሀ ጀምሮ ሊያርም ይነሳል።

አራተኛ፦ ድንገት ከነቃ ጊዜውን አታባክኑ

አንዳንዴ ለቀናት ያልተናገረ፣ ሰው መለየት ያቆመ ታማሚ ድንገት ይነቃል። ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ምግብ ይጠይቃል፣ ሁሉንም በስሙ ይጠራል። የመርሳት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ እንኳ ታይቷል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሚኻኤል ናም እ.ኤ.አ. በ2009 «ተርሚናል ሉሲዲቲ» የሚል ስም ሰጥቶት በሰፊው መጠናት ጀምሯል። መንስኤው እስካሁን አልታወቀም። ቤተሰብ «ተሻለው!» ብሎ ይበታተናል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ቀን ነውና። ሩቅ ያሉትን ጥሩ። ይቅርታውን፣ ምስጋናውን ያኔ ተነጋገሩ።

አምስተኛ፦ አንደበቱ ከተያዘም አውሩት

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ቫንኩቨር ከተማ ባለ ሆስፒስ ውስጥ ያሉ ታማሚዎችን የአንጎል ሞገድ ለክቶ ነበር። ምንም ምላሽ ከማይሰጡት መካከል የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ምላሽ ሰጥቷል። የሚሉትን ይረዱ እንደሆነ ጥናቱ አያሳይም። ቢሆንም ስለ ውርስና ስለ ቀብር አልጋው አጠገብ አትነጋገሩ። በስሙ እየጠራችሁ የምትሠሩትን ንገሩት፦ «አባዬ፣ ከንፈርህን ላርጥብልህ ነው።»

ብዙ ሰው ደግሞ ቤተሰቡ ለአፍታ ወጣ ባለበት ሰዓት ይሞታል። አንዳንድ ነርሶች ሰውዬው ራሱ ያንን ሰዓት የሚመርጥ ይመስላቸዋል። እንግዲህ ስልክ ለማንሳትም ቢሆን ከክፍሉ ስትወጡ በእያንዳንዱ ጊዜ ተሰናበቱት። የወጣውን ሰው ደግሞ «የት ነበርክ?» ብላችሁ አትውቀሱት።